የገና ምሳና ያልተከፈተው መሶብ

  የ2018 ዓ.ም. ገና ያሳየኝን ነገር ውጬ ልቀመጥ ብሞክር አልሆነልኝም። ነገሩ የምሳ ነገር ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ሁለት የቆዩ ወዳጆች ምሳ ሊበሉ ወጡ፤ በሉም፤ ተመለሱም። ከዚህ ውስጥ ምን ፖለቲካ ይወጣል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ከቤቴ ስወጣ የምሻው ክትፎ እንጂ ክርክር አልነበረም።

ወዳጄ ከአሜሪካ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። አብሮ አደጌ ነው። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት የቀበሌ ቤቶች፣ በአንድ ግቢ አደግን። ለሰባት አባወራ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ለሁሉም አንድ የውኃ ቧንቧ ነበረን። እሱ ሲቪል መሐንዲስ ሆኖ በዋሽንግተን አካባቢ መንገድ ይሠራል፤ እኔ እዚሁ ቀርቼ እጽፋለሁ። ወላጆቹ ካረፉ ቆይተዋል። ከአሳዳጊዎቹ በሕይወት ያለችው የኔ እናት ብቻ ናት። አዲስ አበባን ለመጨረሻ ጊዜ ያያት በ2009 ዓ.ም. ነው።

«ምሳውን የምጋብዘው እኔ ነኝ፤ ደግሞ ፒያሳ ነው» አለኝ በስልክ። ሐሳቡ እናቴንም ይዞ ለመውጣት ነበር። እናቴ ግን ሳቀችበት። «በገና ቀን ቤቴን ዘግቼ ሆቴል? ሰው መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ምን ይለኛል? እናንተ ሂዱና ተጫወቱ፤ ወደ ማታ ትመጣላችሁ» አለችው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ወጥታ ስለ ነበር እኔም ብቻዬን ነበርኩ። ቀኑ ረቡዕ ቢሆንም ገና ነውና ይበላል። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ተቃጠርን።

ከምኒልክ ሐውልት ሥር ተቃቅፈን ስንሳሳም ወዳጄ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህ ሐውልት ራሱ ታሪክ አለው። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቦታው ተነሣ፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። በዚህች ከተማ የተነሣ ሁሉ አይመለስም፤ የሚመለስም ግን አለ።

ከዚያ በእግራችን መዞር ጀመርን። መቼም እውነት መናገር ነውና ወዳጄ ተደነቀ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፊት ለፊት ቆሞ አየው። የእግረኛውን መንገድ ስፋት በጫማው ለካ። የብስክሌቱን መስመር፣ የመብራቱን ምሰሶ፣ የውኃ መውረጃውን ክዳን ሳይቀር ጎንበስ ብሎ መረመረ። የመንገድ ሰው ነውና እኔ የማላየውን ያያል። «ይህን ያህል በዚህ ፍጥነት! እኛ ዘንድ አንድ መስቀለኛ መንገድ ለማስተካከል አምስት ዓመት እንሰበሰባለን» አለ። ዝም አልኩ። መንገዱ ማማሩን እኔም አልክድም። ዓይን ያለው ሰው አይክድም።

ችግሩ የመጣው ቤታችን የነበረበትን ቦታ እንፈልግ ሲለኝ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ተነሥተን በዓይናችን ለካን። የታጠፍንበትን ቅያስ፣ የሱቁን ደረጃ፣ ቧንቧውን በየተራ እያስታወስን ወረድን። አንድ ቦታ ስንደርስ ቆመ። የተነጠፈ ድንጋይ ነበር፤ አጠገቡ ሣር። ሁለት ወጣቶች የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። «እዚህ ይመስለኛል የእናትህ ምጣድ የነበረው» አለ። እኔ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ መሰለኝ። ሁለት ጎልማሶች ተወልደው ያደጉበትን ጓዳ በአሥር ሜትር ተለያየንበት። የምንጠይቀው ሰው አልነበረም።

ተማሪ ሳለን ገንዘብ አዋጥተን የምንበላበትን ክትፎ ቤትም ፈለግን። እሱም የለም። ስለዚህ ምሳችንን በአንድ ሆቴል የበዓል ቡፌ በላን። የሁለታችን ሒሳብ 7,600 ብር ሆነ። ለወዳጄ ይህ ሃምሳ ዶላር ገደማ ነው፤ «ርካሽ ነው» አለ፤ ለእሱ እውነቱን ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ያኔ ሃምሳ ዶላር ሦስት ሺህ ብር አይሞላም ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው። እንግዲህ የበላነው የአንድ ጽዳት ሠራተኛን የወር ደመወዝና ጥቂት ምራቂ ነው። ሳህናችንን ያነሣችው ልጅ ይህን ሒሳብ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች።

ክርክሩ የተጀመረው ቡናው ሲቀርብ ነው። ወዳጄ ፊቴ መጥቆሩን አይቶ ነበርና ሳይሸፋፍን ተናገረ።

«እውነቱን እንነጋገር» አለ። «ያ ሰፈር ምኑ ነው የሚናፍቅህ? ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ስንደቅን አልነበረም? ነፍሷን ይማረውና እናቴ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ለመውጣት እየፈራች እኔን ትቀሰቅሰኝ አልነበረም? እናንተ ጸሐፊዎች ድህነትን ቅርስ አድርጋችሁ ልታቆዩት ትፈልጋላችሁ። በቅርሱ ውስጥ የምትኖረው ግን አንተ አይደለህም።»

ይህ ቀላል ምት አይደለም፤ አከበርኩለትም። ከዚያም በላይ የደበቅኩትን ነገርኩት። ከዓመታት በፊት እነዚያን ሰፈሮች የከተማዋ ነውር ናቸው፣ ፈርሰው በወግ ይሠሩ ብለው ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ። ጽሑፉ ብዙ አድናቆት አግኝቶልኛል። በወቅቱ እናቴ እዚያው ጭቃ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር፤ አንድም ቀን ምን ትያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ዛሬ የምለውን የምለው ከንጹሕ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም።

የምለው ግን ሦስት ነገር ነው፤ ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንደኛው፣ ያንን ሰፈር ማን አጎሳቆለው የሚለው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። አባቴ በዚያ ቀን ከደስታው የተነሣ እንዳልተኛ ይነግረን ነበር፤ ለተከራይ ሰው እውነተኛ ደስታ ነበር። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ባለቤት መንግሥት ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር በመሆኑ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ አልተገኘም። ተከራዩ በራሱ ወጪ ጣሪያ ልቀይር ቢል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ አይመጣም። ግድግዳው ሲያዘም በእንጨት ይደገፋል፤ ጣሪያው ሲያፈስ በላስቲክ ይሸፈናል። እንዲህ ሆኖ ወደ ሃምሳ ዓመት ኖረ። በመጨረሻም ያው ባለቤት መጣና ቤቱን አየው፤ «ይህማ አርጅቷል፣ ለሰው መኖሪያ አይሆንም» ብሎ አፈረሰው።

እስቲ አንድ የግል አከራይ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንለዋለን? ሃምሳ ዓመት ኪራይ ተቀብሎ አንድ ሚስማር ሳይመታ፣ ቤቱ ሲወድቅ ጥፋቱን በተከራዩ ጉስቁልና ላይ ቢያላክክ? ነውር እንላለን። መንግሥታት ተለዋውጠዋል ይባል ይሆናል። ይለዋወጡ፤ ባለቤትነቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጥቅሙ ብቻ ነው የተወረሰው፤ ዕዳው አልተወረሰም። ማደስ አንችልም ነበር የሚልም አይኑር። ከዚያው ከፒያሳ ሳንወጣ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ከበላው በኋላ ተጠግኖ ቆሟል። እሳት የበላውን መጠገን የቻለች ከተማ ዝናብ የበላውን መጠገን አያቅታትም ነበር።

ሁለተኛው ነገር መጠየቅ ነው። ኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ፒያሳን፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስን ሲያፈርስ ሕግ አልነበረም እንዴ? ነበረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በቂ እርዳታ አግኝተው መዛወርንም ጨምሮ ይገባቸዋል ይላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለባለይዞታዎች አስቀድሞ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት፣ ምክክር እንዲደረግ ይደነግጋል። የቀበሌ ተከራይ ባለይዞታ አይደለም ብሎ የሚከራከር የሕግ ሰው ይኖራል። እንግዲያው ሃምሳ ዓመት የኖረ ሰው በሕግ ፊት ከመንገደኛ አይለይም ማለት ነውና፣ እንዲህ ያለው ክርክር ቢረታም አያስከብርም።

እናቴ ስብሰባ ከተጠራችበት ቀን አንሥቶ የጭነት መኪናው በር ላይ እስከ ቆመበት ቀን ሦስት ሳምንት ነው። በስብሰባው ላይ የተጠየቀችው ጥያቄ «ዕቃሽን መቼ ትጭኛለሽ?» የሚል ነበር። ይህ ምክክር ከተባለ ነጋሪት ጎሳሚውም ሲያማክረን ኖሯል ማለት ነው። ማሳወቅና መማከር በአማርኛ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሁለት ቃላት የሆኑትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ነው።

ቃላት ካነሣን ዘንድ፣ «የልማት ተነሺ» የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ። ተነሺ ማለት በራሱ ጊዜ፣ በራሱ እግር የሚነሣ ሰው ነው፤ እንደ ጠዋት ተነሺ። አስነሺው ከቃሉ ውስጥ የለም። ከዓረፍተ ነገሩ ከጠፋ በኋላ ከወረቀቱም ይጠፋል፤ ቅሬታ ይዛችሁ ስትሄዱ በየመስኮቱ የሚነገራችሁ «እኛ አይደለንም» ነው። የእናቴን የቅሬታ ማመልከቻ ይዤ አራት በር አንኳኩቻለሁ። በአራቱም በር የተቀመጡት ሰዎች ትሑታን ነበሩ፤ በአራቱም በር ያስነሣት ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ነገር ምን ተቆጠረ፣ ምን ሳይቆጠር ቀረ የሚለው ነው። ለባለ ቤት የግድግዳና የጣሪያ ዋጋ ይሰላል፤ ለቀበሌ ተከራይ ምትክ ቤት ይፈለጋል። መልካም። እናቴ ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ቤት ደርሷታል፤ የራሷ መጸዳጃ ቤት አላት፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እሷም አላቃለለችውም። ነገር ግን እድሩ በየትኛው መዝገብ ተቆጠረ? እቁቡስ? ደመወዝ እስኪደርስ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅስ? እናቴ ጉልበት በነበራት ዘመን ለሦስት ምግብ ቤቶች እንጀራ ትጋግር ነበር፤ ስትደክም ምጣዱንም ደንበኞቹንም ለጎረቤቷ ልጅ አስተላለፈች፤ ልጅቷም ሁለት ልጆች በዚያ እንጀራ ታሳድግ ነበር። ምግብ ቤቶቹም ጋጋሪዋም ተበተኑ። የዚያ ምጣድ ዋጋ ስንት ተብሎ ተገመተ? ለድሃ ሰው ሰፈር ማለት ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ሥራ ቀጣሪውም ነው። ሀብታም ቢዘዋወር ሒሳቡ በባንክ አብሮት ይዘዋወራል፤ የድሃው ሒሳብ በሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠ ነውና ሰው ሲበተን ሒሳቡ ይዘጋል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ አዳምጦ «በየትም አገር ይህ አለ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ግን ራሱ በራሱ ላይ መሰከረ። ሐቀኛ ሰው ነው። በዋሽንግተን ደቡብ ምዕራብ ክፍል፣ እሱ በየቀኑ በሚያልፍበት፣ በ1950ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጎሳቆለ ነው የተባለ ሰፈር እንዳለ ፈርሶ ከሃያ ሺህ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ መበተናቸውን ነገረኝ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1954 ትክክል ነው ብሎ ፈረደ። «ሕንፃውም መንገዱም ያማረ ነው» አለ፤ «ግን በሙያችን ውስጥ ዛሬ ስሙ የሚነሣው እንዲህ አታድርጉ ለማለት ነው።» እንግዲህ ሌላው ሰባ ዓመት ቆይቶ የተጸጸተበትን ነገር እኛ እንደ አዲስ ሥልጣኔ ተቀብለን ሪባን እንቆርጣለን። ሩቅ አገርም መሄድ አያስፈልግም። በአምስቱ ዓመት ወረራ ጣሊያን ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ሲል የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወስዶታል። ሁለቱን ዘመናት አንድ ናቸው አልልም፤ የያኔው ባዕድ ወራሪ ነበር። ለዚህም ነው ከራሳችን ወገን የተሻለ አሠራር የምንጠብቀው።

ከሆቴሉ ወጥተን ወደ አራብሳ ተሳፈርን። በመገናኛ፣ በአያት አድርገን ስንሄድ ወዳጄ መጀመሪያ ስለ አስፋልቱ ያወራ ነበር፤ ኋላ ዝም አለ። አሥር ሰዓት አልፎ ደረስን። እናቴ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ወዳጄ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ተነፈሰ፤ ምንም አልተናገረም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፤ ረከቦቱ ቀርቧል፤ ስኒዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። መሶቡ በመሐል እንደ ተከደነ ነው። እናቴ ወዳጄን አንገቱን ይዛ ደጋግማ ሳመችው፤ አለቀሰች፤ ሳቀች፤ «ከሳህ» አለችው፤ ክብደቱ ግን ከእኔ ይበልጣል። ከዚያ መሶቡን ከፈተችው። የዶሮው ወጥ አሥራ ሁለቱም ብልት እንዳለ ነው፤ እንቁላሉም አልተነካም። ድፎው አልተቆረሰም።

«ሰው አልመጣም እንዴ፣ እማማ?» አላት ወዳጄ።

«መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ። አንዷ የካ አባዶ ናት፤ አንዷ ጀሞ ልጇ ዘንድ ገብታለች። ሁለት ሦስት ታክሲ ነው፤ በበዓል ደግሞ ታክሲ ከየት ይመጣል? የዚህ ሕንፃ ሰዎች ደግ ናቸው፤ ግን ገና አልተዋወቅንም፤ በየቤታቸው ዘግተው ይበላሉ።» ከዚያ እንደ ማፈር ብላ «ምናልባት ቢመጡ ብዬ ነው የሠራሁት» አለች።

ሁለታችንም 7,600 ብር የከፈልንበትን ምሳ በሆዳችን ይዘን እንደ ገና ተቀመጥን፤ በላንም። ያ ሁሉ ምግብ ግን በሁለት ሰው የሚያልቅ አልነበረም።

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እናቴ ከአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር አወጣች። የእድር ደብተሯ ነው። የሰፈሩ እድር ሰዎቹ ቢበተኑም አልፈረሰም፤ ድንኳኑና ወንበሩ አንድ አባል ግቢ ውስጥ ተከምሯል፤ እሷም ወርኃዊ መዋጮዋን በሰው በሰው እየላከች እስከ ዛሬ አልዘለለችም። ደብተሩን ለወዳጄ እያሳየች እንዲህ ብላ ጠየቀችው።

«አንተ የመንገድ ሰው ነህ። ከጊዮርጊስ እስከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ወደ ሃያ ይጠጋል እማማ።»

«ድንኳኑን የሚያመጣ መኪና ስንት ያስከፍል ይሆን? ይህ ልጅ በዚያ ሰዓት ደንግጦ ገንዘብ ፍለጋ እንዳይዞር አስቀድሜ ላስቀምጥ ብዬ ነው። ደግሞ ከዚህ ፎቅ እንዴት ያወርዱኛል እያልኩ አስባለሁ፤ ደረጃው ጠባብ ነው።»

ድምፅዋ ላይ ምሬት አልነበረም። የበርበሬ ዋጋ እንደሚጠየቅ ነው የጠየቀችው። ወዳጄ መልስ አልሰጠም። ፒያሳ ላይ የመንገዱን ስፋት በጫማው የለካው ሰው የደረጃውን ስፋት በዓይኑ ሲለካ አየሁት።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የጻፍኩት እናቴን ላስለቅስላችሁ አይደለም፤ እሷ ራሷ አላለቀሰችም። የጻፍኩት ከእኛ ከተማርን ነን ባዮች ጋር ጠብ ስላለኝ ነው። በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ማታ በእግራችን እንንሸራሸራለን፤ በአዲሱ ካፌ ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ከመካከላችን አንዱ «የነበሩት ሰዎች የት ሄዱ?» ሲል «ኮንዶሚኒየም ተሰጥቷቸዋል እኮ» ብለን ርእሱን እንዘጋለን። ይህች «ተሰጥቷቸዋል» የምትል ቃል ኅሊናችንን የምናስተኛባት ትራስ ናት። እኔም ተኝቼባታለሁ፤ እናቴ ራሷ እስክትጫን ድረስ።

ከተማ አይሠራ አልልም። መንገድ አይስፋ፣ መብራት አይብራ አልልም። የምለው አጭር ነው። ሰው የሚነሣ ከሆነ ከነሰፈሩ ይነሣ፤ በአንድ ግቢ የኖሩ ሰባት አባወራዎች በአንድ ሕንፃ ቢሰጣቸው የሚጨምረው ወጪ የአንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከመፍረሱ በፊት ዕቅዱ በአደባባይ ይለጠፍ፤ ሕጉ ያለው ጊዜም ይሰጥ፤ አስቸኳይ የሚለው ቃል ለጎርፍና ለእሳት ይቀመጥ። ለአረጋውያን ምድር ቤቱ ይቅደምላቸው። የሥራ ቦታና ደንበኛ ያጣ ሰው ያጣው ይቆጠርለት። በፈረሰውም ቦታ ላይ ከሚሠራው ቤት መመለስ ለሚፈልጉት የቀድሞ ነዋሪዎች በአቅማቸው የሚከራይ ድርሻ ይኑር። የምኒልክ ሐውልት ተመልሶ በቦታው መቆም ከቻለ፣ ለዚያ ሐውልት ጥላ ሥር ያደገ ሰው መመለስ የማይታሰብ መሆን የለበትም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚለኝ ይኖራል። ይጠይቃል። ለድንጋይ ንጣፉ የተገኘ ገንዘብ ግን ለዚህ ሲሆን የሚጠፋበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ አንድ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ከአራቱ በሮችም በአንዱ አልነበረም።

ወዳጄ እሑድ ማታ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊት ብቻውን ወደ አራብሳ ሄዶ እናቴ ዘንድ አንድ ቀን ውሎ ነበር። ምን ተነጋገራችሁ ብለው «ደረጃውን በሜትር ለካሁላት፤ ያወርዳል፤ አትስጊ አልኳት» አለኝ። ከአሜሪካ መጥቶ ለአሳደገችው እናት የሰጣት የገና ስጦታ ይህ ነው። እሷም ደስ አላት።

ቸር ይግጠመን።